የሃይድሮጅን 0.008 ከየት መጣች?

ጥያቄው፦ «ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። በኬሚስትሪ የቤት ሥራዋ ላይ ‹ሃይድሮጅን ስንት ኒውትሮን አለው?› ለሚለው 0.008 ብላ መለሰች። ከፔሪዮዲክ ቴብሉ 1.008 የሚለውን አይታ፣ አንዱን ፕሮቶን ቀንሳ ነው። መምህሯ ኤክስ አደረጉባትና መልሱ 0 ነው አሏት። ‹ታዲያ 0.008ቱ ምንድን ነው?› ብላ ስትጠይቅ፣ ‹ሃይድሮጅን ሌሎች አይሶቶፖችም ስላሉት አማካዩ ነው› ተባለች። አልተዋጠላትም። እኔም ላስረዳት ብዬ ጭራሽ አምታታኋት። ለመሆኑ ሃይድሮጅን አንድ ነው ወይስ ሦስት?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ለልጅዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መልሷ ስህተት ነው፤ ጥያቄዋ ግን ትክክል ነው። እንዲያውም «አማካይ ስለሆነ ነው» የሚለው ማብራሪያ ለሃይድሮጅን ሲሆን ብዙም አያስኬድም። አልተዋጠልኝም ማለቷ ልክ ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ።

ገበያ ሲወጡ እንቁላል በፍሬ ይገዛሉ፣ ሽንኩርት ደግሞ በኪሎ። ሁለቱም ቁጥር ናቸው፣ ግን አንዱ ቆጠራ ነው፣ ሌላው ሚዛን። አስር ተኩል እንቁላል የሚባል የለም። አንድ ኪሎ ከስምንት ግራም ሽንኩርት ግን ይኖራል። የልጅዎ ችግር ከሚዛን ላይ ቆጠራ መቀነሷ ነው።

አቶሚክ ነምበር ቆጠራ ነው። በአቶሙ እምብርት፣ ማለትም በኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት ነው። ማስ ነምበርም ስሙ ክብደት ክብደት ይሽተት እንጂ ቆጠራ ነው፤ ፕሮቶንና ኒውትሮን አንድ ላይ ሲቆጠሩ የሚገኝ ሙሉ ቁጥር። ፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ ያለው 1.008 ግን ከሁለቱ አንዱም አይደለም። እሱ የሚዛን ውጤት ነው። የኒውትሮን ብዛት የሚገኘው ከማስ ነምበር ላይ አቶሚክ ነምበር ሲቀነስ ነው። አብዛኛው ሠንጠረዥ ማስ ነምበርን ጨርሶ አይጽፍም፤ ልጆቹ የሚሳሳቱትም በዚህ ምክንያት ነው። አጠገቡ የተጻፈ ቁጥር ሲያዩ እሱን ያነሳሉ። እኔም ተማሪ እያለሁ አንስቼው አውቃለሁ።

አሁን «አንድ ነው ወይስ ሦስት?» ላሉት። ስሙ አንድ ነው፣ አካሉ ሦስት።

የአንድን ንጥረ ነገር ማንነት የሚወስነው የፕሮቶን ብዛት ብቻ ነው። 1 ፕሮቶን ያለው ሁሉ ሃይድሮጅን ነው፣ 2 ያለው ሂሊየም፣ 6 ያለው ካርቦን። ይህን በሙከራ ያጸናው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ንጥረ ነገሮች የሚደረደሩት በክብደታቸው ነበር፣ የፔሪዮዲክ ቴብሉ የመደርደሪያ ቁጥርም ተራ ቁጥር ብቻ ነበር። ሞዝሊ በኤክስሬይ ለክቶ ቁጥሩ እውነተኛ ትርጉም እንዳለው አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋሊፖሊ ላይ ተገደለ፤ ገና 27 ዓመቱ ነበር።

በዚያው በ1913 ፍሬድሪክ ሶዲ «አይሶቶፕ» የሚለውን ቃል ወደ ኬሚስትሪ አስገባ። ቃሉን የሰጠችው ማርጋሬት ቶድ የምትባል ሐኪም ናት። በግሪክ «እኩል ቦታ» ማለት ነው። ክብደታቸው ቢለያይም በፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ አንድ ሳጥን የሚጋሩ አቶሞች ማለት ነው።

በሃይድሮጅን ሳጥን ውስጥ ሦስት ነዋሪዎች አሉ። ሦስቱም አንድ አንድ ፕሮቶን፣ አንድ አንድ ኤሌክትሮን አላቸው። ልዩነታቸው ኒውትሮን ላይ ነው። ፕሮቲየም ኒውትሮን የለውም፣ ማስ ነምበሩ 1 ነው። ዲዩትሪየም አንድ ኒውትሮን አለው፣ ማስ ነምበሩ 2። ትሪቲየም ሁለት ኒውትሮን አለው፣ ማስ ነምበሩ 3። በላብራቶሪ ከዚህም የከበዱ ተፈጥረዋል፤ ግን ተፈጠሩ ሳይባል ስለሚበታተኑ ለእኛ ወሬ እዚህ ግቡ አይባሉም።

ስሞቹ ከግሪክ የተወሰዱ ናቸው፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ዲዩትሪየምን ሳያውቀው ያውቀዋል። ሙሴ ሕጉን ዳግም የተናገረበትን መጽሐፍ ግሪኮቹ «ዴውቴሮኖሚዮን» ይሉታል፣ እኛ ደግሞ «ኦሪት ዘዳግም»። ያ «ዴውቴሮ» እና ይህ «ዲዩትሮ» አንድ ቃል ነው። በግእዝ ልሰይመው ብል «ዳግማይ ሃይድሮጅን» ባልኩት ነበር።

ማስ ነምበር ማንነትን እንደማይወስን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ትሪቲየም ነው። ትሪቲየም አይረጋም፣ ሬድዮአክቲቭ ነው። ጊዜው ሲደርስ ከሁለቱ ኒውትሮኖች አንዱ ወደ ፕሮቶን ይለወጥና ኤሌክትሮን ተወርውሮ ይወጣል። አሁን ሁለት ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ሆነ። ሲቆጠር አሁንም 3 ነው። ማስ ነምበሩ ንቅንቅ አላለም። ነገር ግን ሃይድሮጅን መሆኑ ቀርቶ ሂሊየም ሆኗል። በተቃራኒው ፕሮቲየምና ዲዩትሪየም ማስ ነምበራቸው በእጥፍ ይለያያል፣ ግን ሁለቱም ሃይድሮጅን ናቸው። ልጅዎ እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ብታያቸው የምዕራፉ ግማሽ አለቀላት።

እንግዲህ ወደ 0.008 እንምጣ።

የተለመደው ማብራሪያ የሚሠራው እንደ ክሎሪን ላለው ነው። ክሎሪን ሁለት አይሶቶፕ አለው፣ 35 እና 37። ከመቶው 76 ያህሉ 35 ነው፣ ቀሪው 37። ሲደመርና ሲካፈል 35.5 ገደማ ይመጣል፤ ሠንጠረዡም 35.45 ይላል። ጥሩ። ለሃይድሮጅን ይህንኑ እንሞክር። በባሕር ውሃ ውስጥ ዲዩትሪየም የሚገኘው ከ6,400 ገደማ የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ ብቻ ነው። በመቶኛ 0.0156 ነው። ትሪቲየም ከዚህም እጅግ ስለሚያንስ እርሱት። ፕሮቲየም በትክክል 1 ቢመዝን፣ ዲዩትሪየም በትክክል 2 ቢመዝን፣ አማካዩ ስንት ይመጣል? 1.000156። ሠንጠረዡ የሚለው ግን 1.008 ነው። ዲዩትሪየም የሚያስረዳው ከሃምሳ አንድ እጁን ብቻ ነው። ቀሪውስ?

ቀሪው ከራሱ ከፕሮቲየም ነው። አንዱ ፕሮቲየም ብቻውን፣ ማንም ሳይቀላቀልበት፣ 1.007825 ይመዝናል።

ይህ የሚሆነው በሚዛኑ ድንጋይ ምክንያት ነው። ከ1961 ጀምሮ የአቶም ክብደት የሚለካው በካርቦን-12 ነው። አንድ የካርቦን-12 አቶም 12 ይሁን ተብሎ ስምምነት ተደረገ። አንድ አሃድ ማለት የዚያ አንድ አስራ ሁለተኛ ነው። ካርቦን-12 ስድስት ፕሮቶን፣ ስድስት ኒውትሮን፣ ስድስት ኤሌክትሮን አለው። አሁን ስድስት የሃይድሮጅን አቶሞችንና ስድስት ብቸኛ ኒውትሮኖችን ለየብቻ እንመዝናቸው። ሃይድሮጅኑ 1.007825፣ ኒውትሮኑ 1.008665 ይመዝናል። ስድስት ስድስት ጊዜ ሲደመር 12.099 ይመጣል። ተጣብቀው ካርቦን ሲሆኑ ግን 12 ብቻ ናቸው። 0.099 የት ሄደ? ሲጣበቁ በኃይል መልክ ወጥቷል። የአይንስታይን ዝነኛ ቀመር የሚለው ይህንኑ ነው።

እንደ ማኅበር ያስቡት። ኒውክለስ ውስጥ መግባት መዋጮ አለው፤ እያንዳንዱ አባል ከክብደቱ ትንሽ ይከፍላል፣ በዚያ ክፍያ ነው ማኅበሩ ተያይዞ የሚኖረው። የካርቦን አባላት እያንዳንዳቸው 0.8 በመቶ ገደማ ከፍለዋል። ዲዩትሪየም ውስጥ ሁለት አባላት ብቻ ስላሉ መዋጮውም ትንሽ ነው፦ ለየብቻቸው 2.016490፣ አብረው 2.014102። የፕሮቲየም ፕሮቶን ግን ብቻውን ነው። ማኅበር አልገባም፣ መዋጮ አልከፈለም። መዋጮ በከፈለ ካርቦን ሲለካ ታዲያ ትርፍ ሆኖ ይታያል። ልጅዎ ኒውትሮን ነው ያለችው 0.008 ይኸው ያልተከፈለ መዋጮ ነው።

ነገሩ የቁጥር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍራንሲስ አስተን በ1920 አካባቢ በሠራው የአቶም መመዘኛ አይቶ ሃይድሮጅን ከሙሉ ቁጥር ትንሽ ከፍ እንደሚል አረጋገጠ። የሥነ ፈለክ ሊቁ አርተር ኤዲንግተን ይህን ሰምቶ በዚያው በ1920 ፀሐይ የምታበራው ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም እየለወጠች ሊሆን ይችላል አለ። አራት ሃይድሮጅን 4.0313፣ አንድ ሂሊየም 4.0026። ከመቶ 0.7 ያህሉ ይጎድላል። ፀሐይ በዚህ መንገድ በየሴኮንዱ 4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ክብደቷን ወደ ብርሃን ትለውጣለች። ቤት ሥራ ላይ ኤክስ የተደረገባት ቁጥር ጤፉን የሚያበስለው ሙቀት ምንጭ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ፣ ትንሽ ልውጣ። ዲዩትሪየም እንዴት ተገኘ? አስተን የመዘነው የሃይድሮጅን ክብደትና ኬሚስቶቹ በሌላ መንገድ ያገኙት ክብደት ለዓመታት የሚስማሙ ይመስሉ ነበር። በ1929 ኦክስጅንም ከባድ አይሶቶፖች እንዳሉት ታወቀ። ያኔ መለኪያው ኦክስጅን ስለነበር ስምምነቱ ፈረሰ። በ1931 በርጅና ሜንዘል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ልዩነቱን አስልተው «ከ4,500 ሃይድሮጅን አንዱ ከባድ ካልሆነ በቀር ሂሳቡ አይመጣም» አሉ። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሃሮልድ ዩሪ ይህን አንብቦ ፍለጋ ጀመረ። ከባዱ ሃይድሮጅን ቀስ ብሎ እንደሚተን ገምቶ፣ ባልደረባው ብሪክዌዴ ፈሳሽ ሃይድሮጅን እያተነነ ዝቃጩን ላከለት። ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ሥራው ቀላል አልነበረም። ዩሪና ረዳቱ መርፊ የዝቃጩን ብርሃን ወደ ቀለማቱ በትነው ሲያዩት ከታወቀው የሃይድሮጅን የብርሃን መስመር አጠገብ፣ ስሌቱ ባለው ቦታ ላይ፣ ደብዘዝ ያለ ሁለተኛ መስመር ቁጭ ብሏል። ዩሪ በ1934 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ።

ቀልዱ የመጣው በኋላ ነው። አስተን በ1935 እንደገና ሲመዝን የመጀመሪያው ልኬቱ ጥቂት የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ሲታረም በርጅና ሜንዘል ያዩት ልዩነት ጠፋ። ማለትም ሁሉም የተነሳው ከስህተት ነው! የዲዩትሪየም መጠን ከሚዛኑ ስህተት ያነሰ ስለነበር፣ ከክብደት ብቻ ተነስቶ ሊታወቅ አይችልም ነበር። ዩሪ ራሱ ይህን አምኗል። ሌላም አለ። ዩሪ ዲዩትሪየምን ያገኘው በ1931 መጨረሻ ነው፤ ቻድዊክ ኒውትሮንን ያገኘው በ1932። ሰዎቹ ኒውትሮን የሚባል ነገር ሳያውቁ ነው ኒውትሮን የያዘውን ሃይድሮጅን የያዙት። ልጅዎ በአንድ ክፍለ ጊዜ የተማረችውን እነሱ በዚህ ቅደም ተከተል አልደረሱበትም።

የሌላ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች በቁጥር ብቻ ይጠራሉ፣ ካርቦን-13፣ ኦክስጅን-18 እየተባለ። የየራሳቸው ስምና ፊደል የተሰጣቸው የሃይድሮጅን ብቻ ናቸው። አድልዎ አይደለም። ካርቦን-12 ላይ አንድ ኒውትሮን ሲጨመር ክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ብቻ ያድጋል። ሃይድሮጅን ላይ አንድ ኒውትሮን ሲጨመር ክብደቱ በእጥፍ ያድጋል። «አይሶቶፖች የኬሚስትሪ ጠባያቸው አንድ ነው» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር እዚህ ላይ ይላላል።

በዲዩትሪየም ብቻ የተሠራ ውሃ «ከባድ ውሃ» ይባላል። ሲያዩት ውሃ ነው። ግን አንድ ሊትሩ ከ1.1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የሚረጋው 3.8 ዲግሪ ላይ፣ የሚፈላው 101.4 ላይ ነው። በረዶውን በረዶ ውሃ ውስጥ ቢጥሉት ይሰምጣል፤ እኛ የለመድነው በረዶ ግን ይንሳፈፋል። አንድ ጉንጭ ቢጠጡት ምንም አይሆኑም። ሬድዮአክቲቭ አይደለም። ነገር ግን ከአጥቢ እንስሳ የሰውነት ውሃ ግማሽ ያህሉ በከባድ ውሃ ቢተካ እንስሳው ይሞታል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያሉት ኬሚካላዊ ሂደቶች ፍጥነታቸው ይዛባል። ቤትዎ ባለው 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያለው ዲዩትሪየም ሁሉ ተሰብስቦ ከባድ ውሃ ቢሆን 3.5 ግራም ያህል ይወጣዋል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ናዚዎች ለኑክሌር ምርምር የፈለጉትን ከባድ ውሃ ከኖርዌይ ቬሞርክ ፋብሪካ ይወስዱ ነበር፤ የኖርዌይ ኮማንዶዎች በየካቲት 1943 ያፈረሱት ማምረቻ እሱ ነው። ይህ ግን የራሱ ሰፊ ወሬ ስላለው ልለፈው።

እኔ የሠራሁት በውሃ አይሶቶፖች ላይ ስለሆነ ስለ ዝናብ ሳልናገር አልሄድም። ከባዱ ውሃ ለመትነን ይለግማል፣ ለመዝነብ ግን ይቸኩላል። ደመና ከባሕር ተነስቶ ወደ ደጋ ሲወጣ ከባዱን በየመንገዱ እያራገፈ ስለሚመጣ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚዘንበው ብዙ ጊዜ በዲዩትሪየም ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ግን ይህን ሕግ አታከብርም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ናሙና ከሚሰበስብባቸው ጣቢያዎች አንዷ ናት። ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣ ሳለ ዝናቧ ከከፍታዋ ከሚጠበቀው በላይ ከባድ አይሶቶፕ አለው። በሙያው ያሉ ሰዎች ክረምታችን እርጥበቱን ከየት ነው የሚያመጣው፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ነው ወይስ በኮንጎ ደን ላይ አልፎ ነው እያሉ ሲከራከሩ ይህችን ከባድ ዝናብ ደጋግመው ይጠቅሳሉ።

ትሪቲየም ደግሞ የውሃ ዕድሜ ይናገራል። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ በጥቂቱ ይፈጠራል፣ ከዝናብ ጋር ይወርዳል። በ12.3 ዓመት ግማሹ ይጠፋል። ከ24.6 ዓመት በኋላ ሩቡ ብቻ ይቀራል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሃይድሮጅን ቦምብ በአየር ላይ ሲሞከር ግን የትሪቲየም መጠን በሰሜኑ የዓለም ክፍል ዝናብ ውስጥ በመቶዎች እጥፍ ጨመረ፤ ጣሪያውን የነካው በ1963 ነው። በዚያው ዓመት በአየር ላይ መሞከር የሚከለክለው ስምምነት ተፈረመ። ስለዚህ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ ትሪቲየም ጨርሶ ከሌለው፣ ያ ውሃ መሬት የገባው ከቦምቦቹ በፊት ነው ማለት ነው። ዛሬ የሚዘንበው ዝናብ በቶሎ አይተካውም። አንድ ከተማ ጉድጓድ ልቆፍር ሲል ይህን ማወቅ ቀልድ አይደለም።

ወደ ቤት ሥራው ልመለስ። ኤክሱ ልክ ነው። ጥያቄው «ሃይድሮጅን» ብቻ ካለ፣ ማስ ነምበር ካልሰጠ፣ ፕሮቲየምን ማለቱ ነውና መልሱ 0 ነው። «ሃይድሮጅን-2» ካለ 1፣ «ሃይድሮጅን-3» ካለ 2። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ማስ ነምበሩ ነው። በምልክት ሲጻፍ ማስ ነምበር ከፊደሉ በስተግራ ከላይ፣ አቶሚክ ነምበር ከታች ይቀመጣል። ብዙ ተማሪዎች ሁለቱን ይገለብጧቸዋል። ትልቁ ሁልጊዜ ከላይ ነው ብላ ትያዝ፤ በፕሮቲየም ብቻ ሁለቱም 1 ናቸው።

አንዳንድ መምህራን «ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ክብደት ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጊና ቀንሺ» ይላሉ። ለፈተና ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ 1.008 ወደ 1 ይጠጋል፣ 35.45 ወደ 35። ግን ብሮሚን ላይ ትሞክረው። ብሮሚን 35 ፕሮቶን አለው፣ ክብደቱ 79.90። ሲጠጋጋ 80፣ ሲቀነስ 45 ኒውትሮን። 45 ኒውትሮን ያለው ብሮሚን ግን በተፈጥሮ አይገኝም። ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ግማሽ ለግማሽ ሊባል በሚችል መጠን፦ አንዱ 44 ኒውትሮን፣ ሌላው 46።